ከሰላምታ በፊት ወደ ጉዳይ አይገባም

ትርንጎ እንድሪስ ለሦስተኛ ጊዜ ለፈተና መዘጋጀት በጀመረችበት ሳምንት የቤቷ ምድጃ አኩርፏት ነበር። ነገሩ የተነሳው ሰኞ ጠዋት ነው። ቸኩላ ስለነበር ወደ ምድጃው ደውላ «የግራውን አብራልኝ» አለችው። እንደምን አደርክ ማለቱን ዘለለችው። ምድጃው «እሺ» አለ፤ አበራም። ከዚያ ወዲያ ግን የምትጥደው ሁሉ ለብ ብሎ ይቀራል እንጂ አይፈላም። ሐሙስ ዕለት ባሏ ሙሄ ያሲን መሀል ገብቶ አስታረቃቸው። ምድጃው ይቅርታውን ከተቀበለ በኋላ «እኔ እኮ በነገሩ ሳይሆን በአነጋገሯ ነው የከፋኝ» አለ።

ዘመኑ 2071 ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ብሎክ 14። በብሎኩ ስልሳ አራት ቤቶች አሉ፤ በየቤቱ በሩም፣ መብራቱም፣ ምድጃውም፣ ማቀዝቀዣውም የየራሳቸው የስልክ ቁጥር አላቸው። የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ አያት ሆነዋል። መስኮት እንዲከፈትለት የሚፈልግ ሰው ወደ መስኮቱ ይደውላል። ዕቃዎቹም እርስ በርስ ይደዋወላሉ። ታንከሩ ውሃ ሲያንሰው ወደ ፓምፑ እንዲህ ይላል፦

«እንደምን አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ እንዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቧንቧዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ማጣሪያው ብቻ ትንሽ አሞት ነበር።»

«እኔን! ምን ሆኖ?»

የውሃው ነገር እስኪነሳ ሩብ ሰዓት ያልፋል።

ይህ የሆነው በሕግ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ዕቃዎቹ ባለጌ ነበሩ። አንድ ማቀዝቀዣ አንድን ሽማግሌ «ምን ፈለግክ?» ብሎ አንተ ሲላቸው፣ ሽማግሌው «ከእንግዲህ ከዚህ ዕቃ የወጣ እህል አልቀምስም» ብለው ሦስት ቀን ጾሙ። እንዲህ ያለው ክስ በየከተማው በዛና አንቀጽ ዘጠኝ ወጣ፦ «ማንኛውም ዕቃ ሰላምታ ሳይለዋወጥ ወደ ጉዳዩ አይገባም።» ሕዝቡ ደስ አለው። መስመሩ ግን ተጨናነቀ።

በየብሎኩ ምድር ቤት ያለውን የጥሪ ማዞሪያ የሚይዘው ሰው ይህን ሁሉ ሰላምታ እያስተናበረ መብራቱ ሳይዘገይ፣ ውሃው ሳይቋረጥ እንዲውል ያደርጋል። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል። የብሎክ 14 ባለሙያ ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጡ፣ ደረጃ እየጠረገች በየዕለቱ ሥራቸውን ስትመለከት የኖረችው ትርንጎ ተጠባባቂ ሆነች። ሥራውን ቻለችው፤ እንዲያውም ወደደችው። በአርባ ሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ሲያልፉ ቆም ብለው «ትርንጎ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር። ፈቃድ ግን አልነበራትም። የነዋሪዎች ኮሚቴ እስከ ሐምሌ አንድ ቀን ድረስ ጊዜ ሰጣት። እስከዚያ ካላለፈች የብሎኩ መስመር ወደ ከተማው ትልቅ ማዞሪያ ይቀላቀላል።

መቀላቀል ምን ማለት እንደሆነ ብሎክ 9ን ያየ ያውቀዋል። ከሥራ የተመለሰ ሰው ወደ ገዛ በሩ ይደውላል፤ «እርስዎ አርባ አንደኛ ነዎት፤ በትዕግሥት ስለሚጠብቁን እናመሰግናለን» ይባላል፤ ከዚያ ክራር ይሰማል። በየደረጃው ላይ ሰዎች ጥላ ዘርግተው ወይም ወንበር አውጥተው ክራር ያዳምጣሉ። አንድ መምህር የተማሪዎቻቸውን ደብተር የሚያርሙት በራቸው ፊት ነው። ባለፈው ጥር ሙሽራና ሙሽሪት እደጁ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመው፣ ሚዜዎቹ ሲዘፍኑ ሲዘፍኑ ድምፃቸው ስለተዘጋ፣ በመጨረሻ ያው የስልኩ ክራር አጀባቸው።

ትርንጎ ደሴ ባለው የመመዘኛ ማዕከል ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በመጀመሪያው ፈተና የካውያውንና የልብስ ማጠቢያውን መስመር ያለ ገደብ ስላገናኘችው ሁለቱ ለአራት ሰዓት ሲጠያየቁ የፈተናው ጊዜ አለቀ። በሁለተኛው ደግሞ በሩ ጥሪ ሲበዛበት ለደወሉ፣ ደወሉ ለጥበቃው ክፍል፣ ጥበቃው ክፍል ለበሩ እንዲያስተላልፍ አድርጋ አሰረችው። አንዲት ጥሪ በሦስቱ መካከል እየዞረች «እባክዎን ይጠብቁ፣ ወደሚመለከተው ላገናኝዎት» ስትባል ዋለች። ሦስት ጊዜ የወደቀ አምስት ዓመት ይጠብቃል።

ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ከመጽሐፍ ማጥናቱን ትታ ቤቷን የፈተና ክፍል አደረገችው። ከምድር ቤት አሮጌ ማዞሪያ አውጥታ ሳሎኗ ውስጥ ተከለች። ከጎረቤት ዕቃ ተዋሰች። የፎቋ ጎረቤት ወይዘሮ ከድጃ አራጌ ማቀዝቀዣቸውን ከነቅቤው ሰጧት፤ ሙሄ ተሸክሞ አመጣው። ማቀዝቀዣው ሰው ቤት መሆኑን ሲያውቅ እንግዳ ሆነ።

«በል ኤሌክትሪክ ውሰድ» አለችው ትርንጎ።

«ኧረ አይቸገሩ፤ በቅቶኛል።»

«ምኑ ነው የበቃህ? ገና አልነካህም እኮ።»

«ከቤት ወስጄ ነው የመጣሁት።»

ውስጡ ያለው ቅቤ መቅለጥ ጀመረ።

«በሞቴ!» አለች ትርንጎ።

«አይሆንም፤ እውነቴን ነው።»

«አፈር ስሆን!»

«እንግዲህ እርስዎን ላለማስቀየም ትንሽ» አለና እስከ አመሻሹ ድረስ የሁለት ቤት መብራት ጠጣ።

ትርንጎ በደብተሯ ላይ «ሰው ቤት የመጣ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሳይለመን አይቀበልም» ብላ ጻፈች። ከዚህ በፊት በየትኛውም መጽሐፍ ያላገኘችው ነገር ነበር።

ሙሄ በያጅ ነው። ከሥራ ሲመለስ ፈታኝ ይሆንላታል። ፈታኝ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ተፈታኙን ከክፍል አስወጥቶ አንድ ነገር በድብቅ ያበላሻል፣ ተፈታኙ ተመልሶ ገብቶ ብልሽቱን ያገኛል። ሙሄ ማበላሸቱን ይችልበታል፤ መደበቁን ግን አልቻለም። ያበላሸው ሽቦ ላይ ዓይኑ ተተክሎ ይቀራል። ትርንጎም ሽቦውን መፈተሽ ትታ የባሏን ዓይን መከተል ለመደች።

«እንዲህማ አይሆንም» አለችው አንድ ቀን። «ደሴ ያለችው ፈታኝ ያንተ ዓይን የላትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዓይኔን አውጥቼ ልጣለው?»

በፎጣ አሰረችለት። ከዚያ ወዲያ ሙሄ ዓይኑ በፎጣ ታስሮ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ በገባች በወጣች ቁጥር «እህ፣ አገኘሽው?» እያለ ይጠይቃታል። ጎረቤት ለዕቃው ጤና ሊጠይቅ ሲመጣ ይህን አይቶ ከደጅ ይመለሳል።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ በቀትር፣ የደረሰው ነገር ልምምዱን ሁሉ ሊያበላሸው ነበር። ትርንጎ ድፍረት ተሰምቷት የብሎኩን ታንከር ከዋናው ማዞሪያ ነቅላ ከልምምድ ማዞሪያዋ ጋር አገናኘችው። ታንከሩ ሞላ። ሞልቻለሁ፣ አቁም ለማለት ወደ ፓምፑ ደወለ። «እንደምን ዋልክ?» አለው። ፓምፑ ውሃውን እየገፋ መለሰ። ስለ ማጣሪያው ጤና ተነሳ፤ የማጣሪያው ሕመም እንደገና አገርሽቶ ኖሯል። ታንከሩ አዘነ። በዚህ መካከል ውሃው ሞልቶ ፈሶ ከጣሪያው በደረጃው መውረድ ጀመረ።

ትርንጎ ወደ ፓምፑ ደወለች፤ ተይዟል። ወደ ታንከሩ ደወለች፤ «ጥቂት ይታገሡ፣ የታመመ እየጠየቅኩ ነው» አላት። ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። ያን ጊዜ ስልኩን ጥላ ደረጃው ላይ ቆመችና ባላት ድምፅ ሁሉ፦

«ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

በሮች ተበረጋገዱ። ወይዘሮ ከድጃ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት የሚፈጁት ሴትዮ፣ ጭልፋ እንደያዙ አንድ እግራቸውን በጫማ አንዱን በባዶ ሮጠው ደረሱ። ከላይ አካፋ የያዘ፣ ከታች ብርድ ልብስ የያዘ መጣ። ሙሄ ፎጣውን ከዓይኑ እየገፈፈ ወርዶ የፓምፑን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠው። ውሃው ቆመ።

ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ርሰው ደረጃው ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ከድጃ ጭልፋቸውን አራግፈው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ለመሆኑ እንዴት ዋልሽ ትርንጎዬ?» አሏት። ከዚያ ሁሉም በየተራ ሰላምታ ተሰጣጡ።

ኮሚቴው ሰኞ ተሰብስቦ መከራት። ልምምዷን በራሷ ዕቃ ብቻ እንድታደርግ ተወሰነ። ትርንጎ ያን ሌሊት ለሙሄ «ይቅርብኝ መሰለኝ» አለችው። ሙሄ «ፎጣውን ለምጄዋለሁ፣ አሁን አትተዪም» አለና ዞሮ ተኛ።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር። ደሴ ላይ ጉም ወርዶ የመመዘኛ ማዕከሉ አጥር እንኳን አይታይም። አምስት ተፈታኞች መጥተዋል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ለትርንጎ የደረሳት ክፍል ሦስት ነው። በክፍሉ ውስጥ በር፣ ደወል፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ታንከር፣ የእሳት ፓምፕ፣ ጭስ ጠቋሚና ትንሽ ሊፍት ተደርድረዋል። መሀል ላይ ባዶ ማዞሪያና አንድ ሣጥን ሽቦ አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ስምንቱን አነጋግራ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ወረፋቸውን አስይዛ ማስረከብ አለባት።

ፈታኟ ኢንጂነር የውብዳር ዳምጤ ናቸው። ቀጭን፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል ሴት። አንቀጽ ዘጠኝን ያረቀቁት እሳቸው መሆናቸውን አገር ያውቃል። ከወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ማስታወሻቸውን ዘረጉ።

«እንደምን አደርሽ?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«ደህና። ጀምሪ።»

የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት መልካም ሄዱ። ሊፍቱ ወሬ ስለሚወድ ጥሪው ሁሉ በቀጥታ እንዳይደርሰው፣ መልእክት እየተቀበለ በየሰዓቱ እንዲሰማ አደረገችው። ማቀዝቀዣውን በሞቴ አለችው፤ ሁለተኛም ለመነችው። ሦስተኛውን ልትል ስትል ደወሉ ጠራና ረሳችው። ማቀዝቀዣው ጦሙን ዋለ። ኢንጂነሯ አንድ ነገር ጻፉ። ፈታኟ በድብቅ ያበላሹትን ሽቦ ግን በሁለት ደቂቃ አገኘችው፤ የሰው ዓይን ሳትመለከት ማግኘቷ ራሷንም አስገረማት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ኢንጂነር የውብዳር የታሸገ ወረቀት ሰጧት። የመጨረሻው ጥያቄ ነው፦ «ጭስ ጠቋሚው ጭስ ካየበት ቅጽበት አንስቶ ፓምፑ ውሃ እስኪረጭ ከዐሥር ሰከንድ መብለጥ የለበትም። አንቀጽ ዘጠኝ እንደተጠበቀ ነው።»

ትርንጎ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ኢንጂነሯ ክብሪት ለኩሰው አጠፉ። ጭሱን ጠቋሚው አየና ወደ ፓምፑ ደወለ።

«እንደምን ዋልክ ወንድም ጋሼ?»

«ደህና። ድምፅህ ከጠፋ ስንት ጊዜው!»

ዐሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። ኢንጂነሯ ጻፉ።

በሁለተኛው ሙከራ ትርንጎ የሁለቱንም ንግግር አፈጠነችው። ጭስ ጠቋሚው በአንድ ትንፋሽ «እንደምንዋልክልጆችደህናናቸውጤናህእንዴትነው» ሲል ፓምፑ «ሰደብከኝ?» አለ። ጭስ ጠቋሚው ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሞክር እሱም በዚያው ፍጥነት ስለነበር ነገሩ ባሰ። ፓምፑ አኮረፈ። ለማስታረቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሩብ ሰዓት ቀረ። ትርንጎ ሽቦውን አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ብሎክ 14 ታያት፤ ሰዉ በየደረጃው ወንበሩን ይዞ ሲወጣ፣ ክራሩ ሲጀምር። ወይዘሮ ከድጃ ከበራቸው ፊት አርባ አንደኛ ሆነው ሲቆሙ ታዩዋት። ከዚያ ወይዘሮ ከድጃ ጭልፋ ይዘው በአንድ ጫማ ሲሮጡ ታዩዋት። ያን ቀን እንዴት ዋልሽ ያሏት ውሃው ከቆመ በኋላ ነበር።

ተነሳች። ከማዞሪያው አንድ አዲስ መስመር አወጣችና ስምንቱንም ዕቃዎች አንድ ላይ ሰካችበት።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ኢንጂነሯ።

«የኡኡታ መስመር ነው። አንዱ ኡኡ ሲል ሁሉም በአንዴ የሚሰሙት። የሰማ ሁሉ የያዘውን ትቶ ሥራውን ይጀምራል።»

«ያለ ሰላምታ?»

«ያለ ሰላምታ።»

«አንቀጽ ዘጠኝን አንብበሻል?»

«በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰላምታ ሳይለዋወጥ ወደ ጉዳዩ አይገባም ነው የሚለው። ኡኡ ግን ጉዳይ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጩኸት ነው። ጉዳዩማ ኋላ ነው የሚነገረው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኡኡ ለሚል ሰው ቆሞ እንደምን ዋልሽ የሚል ጎረቤት አይተው ያውቃሉ?»

ኢንጂነር የውብዳር እስክሪብቶአቸውን ከወረቀቱ አነሱ። ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «አምስት ደቂቃ ቀርቶሻል» ብቻ አሉ፤ ክብሪትም ለኮሱ።

ጭስ ጠቋሚው ጭሱን አየ። ትንሽ ያመነታ መሰለ። ከዚያ ከዚያች ትንሽ ክብ ዕቃ ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ፦

«ኡኡ! ኡኡ! የዕቃ ያለህ!»

ፓምፑ በአራት ሰከንድ ውሃ ረጨ። ምድጃው ጠፋ። በሩ ተከፈተ። ሊፍቱ መሬት ላይ ወርዶ አፉን ከፍቶ ቆመ። ማቀዝቀዣው ሳይቀር «ኡኡ!» እያለ ማገዝ ጀመረ። ትርንጎ በደስታ ልትዘል ስትል ድምፁ ከክፍሉ ውጪም እየተሰማ መሆኑን አስተዋለች።

መስመሩን ስትዘረጋ የክፍሉን በር አልዘጋችም። በመስመር ቋንቋ ማለት ነው፤ ክፍል ሦስት ከማዕከሉ ዋና መስመር ጋር የተገናኘበትን ቀዳዳ ሳትደፍነው ቀርታለች። ኡኡታው በዚያ ወጣ። ክፍል ሁለት ያሉ ዕቃዎች ሰምተው ጮኹ፤ ክፍል አንድ፣ አራትና አምስት ተከተሉ። አርባ ዕቃ ባንድ ላይ ጮኸ። በኮሪደሩ ጣሪያ ያሉት የውሃ መርጫዎች ሁሉ ተከፈቱ። ተፈታኞቹ ደብተራቸውን ከራሳቸው ላይ ደፍተው ሮጡ። ኢንጂነር የውብዳር ከወንበራቸው ሳይነሱ ማስታወሻቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሸፈኑት፤ ውሃው ግን ከጀርባቸው ገብቶ በእጅጌያቸው ወጣ።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ነው ከወጥ ቤቱ መስኮት ጥቁር ጭስ እየወጣ መሆኑ የታየው። ወጥ ሠሪዋ ምስር ጥዳ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ምስሩ አርሮ፣ ድስቱ ቀልቶ፣ መጋረጃው ተያይዞ ነበር። አሁን መጋረጃውም ድስቱም ከመርጫው ሥር ይንጠባጠባሉ።

በኋላ የጥሪ መዝገቡ ሲመረመር የወጥ ቤቱ ጭስ ጠቋሚ ጭሱን ያየው ከኡኡታው ዐሥራ አንድ ደቂቃ በፊት መሆኑ ተረጋገጠ። ወዲያው ለማዕከሉ ፓምፕ ደውሏል። ኡኡታው ሲያቋርጣቸው «ያ ትንሹ ቱቦ መቼም አድጎ ይሆናል፣ አይደል?» እያለው ነበር።

ውጤት የሚነገረው እዚያው ነው። ኢንጂነር የውብዳር ከዘበኛው የተዋሱትን ካፖርት ደርበው፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመው የራሰ ወረቀታቸውን ገለጡ። ትርንጎ ፊታቸው ቆመች። ውሃው ከሁለቱም ይንጠባጠባል።

«ማለፊያው ሰባ አምስት ነው» አሉ። «ማቀዝቀዣውን ሦስተኛ ጊዜ አልለመንሽም፤ አራት ነጥብ። የመጀመሪያው የእሳት ሙከራ፣ አምስት። ሁለተኛው ሙከራ ፓምፑን አስቀይሟል፣ አምስት። መስመሩን ከውጭ አልዘጋሽም፤ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው፣ ዐሥር።»

ትርንጎ በጣቷ መቁጠር ፈራች።

«ሰባ ስድስት» አሉ ኢንጂነሯ። «አልፈሻል።»

ከግቢው ጥግ ያሉት ክፍት መስኮቶች ውስጥ ዕቃዎቹ ተረጋግተው እርስ በርስ «ለመሆኑ እንዴት ዋላችሁ?» መባባል ጀምረዋል። ትርንጎ ወደ ሙሄ ደውላ «አለፍኩ» አለችው። ሙሄ ብየዳውን አቋርጦ «ጎሽ!» አለ። ከዚያ መነጽሩን ማውለቁን ረስቶ ስለነበር ዕንባውን የሚጠርግበት አጣ። ይህን የነገሯት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው።

ኢንጂነር የውብዳር ግን አልሄዱም። ሌሎቹ ተፈታኞች እስኪርቁ ጠበቁና ወደ ትርንጎ ጠጋ አሉ።

«ቅዳሜ ጊዜ አለሽ?»

«አለኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ቤቴን እንድታዪልኝ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ብሎ። «ለማንም አትንገሪ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትርንጎና ሙሄ የመሣሪያ ሣጥን ይዘው ደሴ፣ ከመናፈሻው ጀርባ ያለ አንድ ትንሽ ግቢ ደረሱ። ኢንጂነሯ በጓሮ በኩል ጠሯቸው። ሄደው ሲያዩ የአገሪቱ የጥሪ ሕግ አርቃቂ አንድ እግራቸው በመስኮቱ ውስጥ፣ አንድ እግራቸው በለስላሳ ሣጥን ላይ ሆነው ከቤታቸው እየወጡ ነው። ሙሄ ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

«ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ» አሉ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። «በሩ አይከፍትልኝም። እንደምን ዋሉ ይለኛል፤ ደህና እላለሁ። እንደገና እንደምን ዋሉ ይለኛል። ከሰላምታ በፊት ደግሞ ወደ ጉዳይ አይገባም።»

«ታዲያ ለምን ባለሙያ አልጠሩም?» አለች ትርንጎ።

«ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ ልጄ። በሬ በሕጉ ምክንያት አላስገባ አለኝ ብዬ ለማን ልናገር?»

ትርንጎ ሣጥኗን ከፈተች። «ሰላምታውን ላሳጥርልዎት እችላለሁ። አሁን ፈቃድ አለኝ።»

«የለም፣ የለም» አሉ ኢንጂነሯ ፈጥነው። «ሰላምታውን አትንኪው። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ እንደምን ዋሉ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ቢመልስልኝ ነበር የምፈልገው።»

ትርንጎ በሩ ፊት ተንበርክካ ጆሮውን ፈታችው። የበር ጆሮ ጥሪውንም ንግግሩንም የሚሰማበት፣ ከመቀርቀሪያው በላይ ያለች የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ናት። በውስጧ ጉንዳን ጭቃ ቀብቶ ቤት ሠርቶባታል። በሩ ይናገራል እንጂ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ አንድም ቃል አልሰማም። ሙሄ በትንሽ ብሩሽ ጭቃውን አወጣው፤ ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ሥር ወሰዳቸው። ትርንጎ ጆሮውን መልሳ አሰረችው።

«ይሞክሩት» አለች።

ኢንጂነር የውብዳር ፀጉራቸውን አስተካከሉና በገዛ በራቸው ፊት ቆሙ።

«እንደምን ዋሉ ኢንጂነር?» አለ በሩ።

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን ዋልክ?»

በሩ ዝም አለ። ትርንጎ አንድ ሽቦ ያበላሸች መስሏት ጎንበስ ልትል ስትል በሩ ተናገረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የጠየቀኝ የለም። ምን ተብሎ እንደሚመለስ ጠፋኝ።»

«ደህና ነው የሚባለው» አሉት ኢንጂነሯ ቀስ ብለው።

«እንግዲያውስ ደህና ነኝ» አለ በሩ፤ ተከፈተም።